ጀምበር የማትጠልቅበት ደቦ

ልጆቼ፣ ያለፈው እሑድ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ድምፃችሁ ከዕጣኑ ጭስ በላይ ወጣ። አንዳችሁ የእህቴ ልጅ፣ አንዳችሁ የወንድሜ ልጅ፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ትሪ እየበላችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። ጠባችሁ በርስት ቢሆን ይገባኝ ነበር። እናንተ ግን የተጣላችሁት በኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ያውም ለዓመታት አብራችሁ በተጫወታችሁት፣ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ፈዋሽ፣ አንዱ ጠንቋይ ሆኖ በሚኖርበት የኦንላይን ዓለም። የእህቴ ልጅ «ያ ጨዋታ ሰው አደረገኝ» አልህ። የወንድሜ ልጅ «እኔን ከሰው ተራ አወጣኝ» አልህ። እህቴ ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ እስኪ አንድ በላቸው» አለችኝ።

እኔም የሽማግሌ ወግ ነውና ቀጠሮ ጠየቅሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል፤ ሥሩን ሳላይ ቅጠሉን ብቆርጥ ነገ መልሶ ያቆጠቁጣል። ስምንት ቀን ሰጣችሁኝ። በስምንቱ ቀን ያየሁትንና የሰማሁትን፣ ከራሴ ዕድሜ የማውቀውንም ጨምሬ ይኸው ጻፍሁላችሁ። የእናንተን ጨዋታ ስም ግን አላነሣም፤ ቀርቦ መልስ ያልሰጠ ሰው በስሙ አይከሰስም።

በመጀመሪያ የየራሳችሁን ቃል ልድገምላችሁ፤ አዛብቼ ሰምቼ እንደሆነ አርሙኝ።

የእህቴ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ስትመጣ 14 ዓመትህ ነበር። ትምህርት ቤት አፍህን መክፈት ትፈራ ነበር፤ ቃል ስትስት የሚስቁ ነበሩ። በጨዋታው ውስጥ ግን የምትጽፈው እንጂ አነጋገርህ አይታይም። መጀመሪያ ጻፍህ፤ በኋላ ሄድሴት አጥልቀህ መናገር ጀመርህ። በ19 ዓመትህ ጊልድ የምትሉት ማኅበር መሪ ሆንህ። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኞችን የምትመድበው አንተ ነህ፤ «ሥራውን የተማርሁት ዘንዶ ስገድል ነው» ትላለህ።

የወንድሜ ልጅ፣ አንተ ደግሞ ኮሌጅ በገባህ በሁለተኛው ዓመት ሙሉ ሴሚስተር ወድቀሃል። አባትህ «ታመሃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅህ «አዎ» ብለህ ዋሽተሃል። ልትተወው በወሰንህ ሌሊት «እስካሁን ስንት ጊዜ ተጫውቻለሁ?» ብለህ ጨዋታውን ራሱን ጠየቅኸው። 211 ቀን ብሎ መለሰልህ። «ጋሼ፣ እንቅልፍ የለበትም፣ ምግብ የለበትም፤ ድፍን ሌትና ቀን ነው» አልኸኝ። አስልቼዋለሁ፤ ከ5 ሺህ ሰዓት በላይ ነው። በዚያው ሌሊት ለማንም ሳትናገር አጠፋኸው፤ ዳግመኛም አልገባህም።

ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ለሽማግሌ ከባዱ ይህ ነው፤ አንዱ ተከራካሪ ቢዋሽ ፍርዱ ይቀል ነበር።

ማክሰኞ ማታ፣ የእህቴ ልጅ፣ ወንበር ስቤ አጠገብህ ተቀመጥሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ 25 ሰው አንድ በአንድ ገባ። ሁሉም የየቤቱን ድምፅ ይዞ ነው የመጣው። በአንዱ ማይክ ሕፃን ያለቅሳል፣ በሌላው ሳህን ይታጠባል። አንዲት ልጅ በሹክሹክታ ስታወራ «እናቷ ጎን ክፍል ተኝታለች» አልኸኝ። ወረቀት አውጥተህ ስማቸውን በተርታ ጻፍህ፤ ማን ከፊት ቆሞ ዱላውን እንደሚቀበል፣ ማን ከኋላ ሆኖ ቁስለኛውን እንደሚያክም፣ ማን ከጎን እንደሚመታ መደብህ። «ዝግጁ?» አልህ፤ ከየስሙ አጠገብ ምልክት በራ። ከዚያ አንድ የእሳት ጭራቅ ላይ ዘመታችሁና በአራት ደቂቃ ውስጥ ሁላችሁም አለቃችሁ።

አሁን ስድብ ይጀመራል ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። አንድ ልጅ ግን ቀስ ብሎ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወደ ግራ መሄድ ሲገባኝ ወደ ቀኝ ሄድሁ» አለ። አንተም «ምን እንዳየህ ንገረንና እንደገና» አልኸው። ሰባት ጊዜ ሞታችሁ በስምንተኛው ጭራቁ ወደቀ። የሆታችሁ ድምፅ ከጆሮ ማዳመጫው አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። ሽማግሌ ነኝና ሆታውን ትቼ ምርኮውን ተመለከትሁ። ሦስት ዕቃ ብቻ! ለ25 ሰው ሦስት ዕቃ እንዴት ይካፈላል? ስታስረዳኝ ሳቄ መጣ። የተገኘ ሰው ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ነጥብ ያጠራቀመ ቅድሚያ ያገኛል፤ የወሰደ ደግሞ ነጥቡ ተቀንሶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህማ ዕቁብ ነው ልጄ፤ የጎደለው ዕጣውና ዳኛው ብቻ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለውን እናንተ በየማክሰኞው ትፈጽሙታላችሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ልሄድ ተነሣሁ። አንተ አልተነሣህም። «ነገ ሥራ የለህም ወይ?» ስልህ ማይኩን ዘግተህ «ጋሼ፣ እኔ ከወጣሁ የቀሩት ይበተናሉ» አልኸኝ። ያን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግስቱ የልጅ ልጄን «የዚህን ነገር አመጣጥ አንብቢልኝ» አልኋት። እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ነው የተጀመረው። ሮይ ትራብሾ የሚባል ተማሪ ብዙ ሰው በአንድነት የሚገባበትን ዓለም በጽሑፍ ብቻ ሠራ። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ መንገድ ላይ ቆመሃል ይልሃል፣ ወዴት እንደምትሄድ ትጽፍለታለህ። ሪቻርድ ባርትል የሚባል ጓደኛው ከእሱ ተቀብሎ አሳደገው። ከዚያች ዘር ነው በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2010 በየወሩ የሚከፍል 12 ሚሊዮን ተጫዋች እስከማግኘት የደረሰው።

ይኸው ባርትል በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው። አንዱ ማዕረግና ሀብት ሰብሳቢ ነው፤ ሌቭሉ ከፍ ካላለ እንቅልፍ የለውም። ሁለተኛው አሳሽ ነው፤ ከተራራው ጀርባ ምን እንዳለ ለማየት ይዞራል። ሦስተኛው ሰው ፈላጊ ነው፤ ጨዋታው ለወሬው ማዋዣ ነው። አራተኛው ሌላውን ማጥቃት ደስ የሚለው ነው።

ይህን ስሰማ የጠባችሁ ግማሽ ተፈታልኝ። የእህቴ ልጅ፣ አንተ ሰው ፍለጋ ገባህ። የወንድሜ ልጅ፣ አንተ ማዕረግ ፍለጋ ገባህ። አንዱ ገበያ ወጥቶ ዘመዱን አግኝቶ ይመለሳል፤ ሌላው በዚያው ገበያ ብሩን ጨርሶ ይመለሳል። ማታ ምድጃ ዳር ሲገናኙ ስለ አንድ ገበያ የሚያወሩ ይመስላቸውና ይጣላሉ።

ግማሹ ግን ቀረ። የወንድሜ ልጅ፣ 211 ቀንህን እንደ ማስረጃ ፊቴ ዘርግተሃል። ቁጥሩ ብቻውን እንደማይፈርድ አንድ ታሪክ ልንገርህ። ኖርዌይ ውስጥ ማትስ ስቴን የሚባል ልጅ ነበር። ዱሼን የሚባል ጡንቻን የሚያመነምን በሽታ ይዞት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አደገ፤ በመጨረሻ ከጣቶቹ በቀር እምብዛም የሚታዘዝለት አካል አልነበረውም። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ግን ስሙ ኢበሊን ነው፤ የሚሮጥ ፈርጣማ ሰው። በሕይወቱ የመጨረሻ አሥር ዓመታት ከ15 ሺህ ሰዓት በላይ እንደተጫወተ ተነግሯል፤ የአንተን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ወላጆቹ «ልጃችን ወዳጅ ሳይኖረው፣ ለማንም ሳይጠቅም ሊያልፍ ነው» እያሉ ያለቅሱ ነበር። በኅዳር 2014 በ25 ዓመቱ ዐረፈ።

አባቱ የልጁን ብሎግ የይለፍ ቃል ያውቅ ስለነበር እዚያ ላይ መርዶውን ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሐዘን ደብዳቤ ከየአገሩ ይጎርፍ ጀመር። ለካ ያ ከክፍሉ የማይወጣ ልጅ ከልጇ ጋር መግባባት ያቃታትን አንዲት እናት ሲመክር ኖሯል። ለካ ወላጆቿ ጨዋታውን ለከለከሏት አንዲት ልጅ እንደ ሽማግሌ ገብቶ፣ ለወላጆቿ ደብዳቤ ጽፎላት ኖሯል። ለቀብሩ ከሌላ አገር ተሳፍረው የመጡ ነበሩ። ታሪኩ በ2024 ፊልም ሆኖ ወጥቷል፤ እህቴ ካላየችው አብራችሁ አሳዩአት። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ይባላል። ማትስ መድኃኒቱን ያገኘው እዚያ ነው፤ ሌላ በር አልነበረውም። አንተ ግን ብዙ በር ነበረህ፤ ኮሌጁም፣ አባትህም፣ ሰፈርህም ክፍት ነበሩ። ከተከፈተው ሁሉ አንዱን ብቻ መረጥህና ሌላውን ከውስጥ ቆለፍኸው። የጎዳህ እሱ ነው። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚባለው ለዚህ ነው። ያ ሴሚስተር ዓይንህ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥሩ ልግባ። የጨዋታው ደግነት ምንድን ነው? የሚጠብቅህ ሰው መኖሩ ነው። ያንን ፈሪ ልጅ ያስተማረው፣ ማትስን ያኖረው «ዛሬ ትመጣለህ አይደል?» የሚል ሰው ነው። ክፋቱስ ምንድን ነው? እሱው ነው። የእህቴን ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ያስቀመጠው፣ የወንድሜን ልጅ ፈተናውን ያስረሳው ያው የሚጠብቅ ሰው ነው። ማርና እሬት ከአንድ ማሰሮ ቀድታችሁ፣ አንዱ ጣፈጠኝ አንዱ መረረኝ እያላችሁ ትከራከራላችሁ።

መጠበቅን እኛም እናውቃለን። ጤፍ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። ሠላሳ ሰው በአንድ መስመር ይሰለፋል፤ አንዱ ቢሰንፍ መስመሩ ይጎብጣልና የሚሰንፍ የለም። ዘፈኑ አለ፣ ጠላው አለ፣ ፉክክሩ አለ። ግን ጀምበር ትጠልቃለች። ስትጠልቅ ማጭዱ ይሰበሰባል፤ «አንተ ከሄድህ እንበተናለን» የሚል የለም፣ ሁሉም በአንድነት ይበተናልና። ማኅበር በወር አንድ ቀን ነው። ዕቁብ ዙሩ ሲሞላ ያልቃል። ለሞት የተተከለው የእድር ድንኳን እንኳ ቀኑ ሲደርስ ይፈርሳል። አባቶቻችን ሰው ከሰው የሚገናኝበትን ሲሠሩ፣ ወደየቤቱ የሚመለስበትንም አብረው ሠርተዋል።

የእናንተ ዓለም ጀምበር የላትም። እናንተ ስትተኙ ሌላ አገር ይነጋና ጨዋታው ይቀጥላል። ባለቤቶቹም ጀምበሯን ረስተው አይደለም። በየወሩ የሚከፍል ደንበኛ ጨዋታውን ጨርሶ እንዲወጣ የሚመኝ ነጋዴ የት አለ? ስለዚህ ዕለት ዕለት የሚሠራ ትንሽ ሥራ ይሰጧችኋል፤ ዛሬ ካልገባችሁ የሚያመልጥ ሽልማት ያሳዩአችኋል። አንዳንዱ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ የተዘጋ ሣጥን በገንዘብ ይሸጣል፤ ቤልጂየም በ2018 የዚህ ዓይነቱን ሣጥን ቁማር ነው ብላ በሕግ ከልክላለች። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አሉ። መጫኛውን አይታ «ለዶሮ ክር እንጂ መጫኛ ምን ያደርጋል» ብላ ነው የተሞኘችው። እናንተም «ትንሽ ጨዋታ ምን ሊያደርገኝ» ስትሉ እንደ እሷ ናችሁ።

መንግሥታትም ጀምበሯን በአዋጅ ሊያጠልቋት ሞክረዋል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ኦንላይን እንዳይጫወቱ ከለከለች፤ አሥር ዓመት ሞክራው በ2022 መግቢያ ላይ ተወችው። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ብቻ፣ ያውም ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ፈቀደች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ላይ የጨዋታ ሱስን በሕመምነት ጽፎታል። መለኪያውን ስሰማ ግን ልቤ ረጋ። ስንት ሰዓት ተጫወተ አይልም። ራሱን መግታት አቅቶታል ወይ? ጨዋታው ከሌላው ኑሮው ሁሉ ቀድሞበታል ወይ? ጉዳቱን እያየ ይቀጥላል ወይ? ይህስ አንድ ዓመት ያህል ቆይቷል ወይ? ይላል። ሐኪሞቹም እንደ እኛ ሽማግሌዎች ሰዓቱን ሳይሆን ሰውየውን ነው የሚያዩት።

የእህቴ ልጅ፣ አሁን ለአንተም የማይጥምህን ልናገር። ማክሰኞ ማታ አንድ ጋሻ አሳየኸኝ፤ «ለዚህ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል» አልኸኝ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ትዝ አለኝ። ኢቭ ኦንላይን በሚባለው የጠፈር ጨዋታ ውስጥ በጥር 2014 ሺዎች በተካፈሉበት፣ 21 ሰዓት ያህል በፈጀ ጦርነት 75 ግዙፍ መርከቦች ወድመዋል፤ በእውነተኛ ገንዘብ ሲገመት 300 ሺህ ዶላር ነው ተብሏል። መነሻው ምን ነበር? የአንድ ግዛት ክፍያ በጊዜው ሳይከፈል መቅረቱ! የዓመታት ድካም በአንድ በተረሳ ሂሳብ ሄደ። እሱስ ሲዋጉ ነው። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ የሚባለው ጨዋታ ግን በ2004 ተከፍቶ፣ ኅዳር 2012 ላይ ባለቤቶቹ ወሰኑና ማብሪያውን አጠፉት። የሰው ሁሉ ጋሻ፣ ካባ፣ ማዕረግ በአንድ ቀን አለቀ።

ግን አንድ ነገር አላለቀም። ተጫዋቾቹ አልተበተኑም። ተፈላልገው ተሰባስበው፣ በራሳቸው ሰርቨር ጨዋታውን አስነሡት፤ በ2024 ከባለቤቱ ኩባንያ ፈቃድ አገኙ። ስለዚህ በዚያ ዓለም ውስጥ የሚተርፈው ሰዉ ነው። ለጋሻው የምታወጣውን ሌሊት ቀንስና ሰዎቹን ዕወቅ።

እንዴት ይታወቃሉ ትለኝ ይሆናል። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናዘዝ አለብኝ፤ መካሪ ሁሉ ከነቁስሉ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እነዳ በነበረ ጊዜ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ተራ የምንጠብቅበት ሜዳ ነበር። ተራ እስኪደርስ ሁለት ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ይፈጃል። በአንዱ መኪና ኮፈን ላይ ካርቶን ዘርግተን፣ በቆርኪ ዳማ እንጫወት ነበር። ፉከራው፣ ዘለፋው፣ ሳቁ! አሜሪካ የበረደኝን ሁሉ ያሞቀልኝ ያ ሜዳ ነው። ሥራዬን ጨርሼ እንኳ «አንድ ጨዋታ ብቻ» እያልሁ እቀመጥ ነበር። ልጆቼ ተኝተው እደርሳለሁ፤ ተኝተው ትቻቸው እወጣለሁ። እናንተን የምቆጣበት አፍ የለኝም፤ እኔም በቆርኪ ስንት ሌሊት በልቻለሁ።

እዚያ ሜዳ ላይ «አርባ ሰባት» የምንለው ሰው ነበር፤ የታክሲው ቁጥር ነው። እሱም እኔን በቁጥሬ ነበር የሚጠራኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ተጫወትን። የሚወደውን አጨዋወት አውቃለሁ፤ ሊረታ ሲል ጢሙን እንደሚጎትት አውቃለሁ። አንድ ሰኞ ቀረ። ማክሰኞም ቀረ። «አገር ቤት ሄዶ ይሆናል» ተባባልን። ከወር በኋላ አንድ ሾፌር ልቡ ቆሞ እንደሞተና እንደተቀበረ ሰምቶ መጣ። ልናለቅስ ተነሣን። ግን የት ሄደን? ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ቤቱን የሚያውቅ የለም። ሚስቱ «እግዜር ያጥናሽ» የሚላት አጣች። ልጆቹም አባታቸው በዚያ ሜዳ ላይ ስንት ወዳጅ እንደነበረው እስከ ዛሬ አያውቁም። ካርቶኑን ያን ዕለት አልዘረጋነውም፤ በማግስቱ ግን ዘረጋነው።

የማትስን አባት ታሪክ ስሰማ ያለቀስሁት ለዚህ ነው። እሱ የይለፍ ቃሉን አወቀ፤ መርዶው ደረሰ። የእኛ መርዶ መንገድ አጣ። ስለዚህ ወዳጅነት እውነት መሆኑን የምለካበት አንድ መለኪያ ቀርቶልኛል፤ በኮፈን ላይ ይሁን በኮምፒውተር፣ መርዶህ የሚደርስበት ቤት ዘመድ ነው። መርዶህ የማይደርስበት ግን ገና ጨዋታ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ሁለታችሁንም አልረታሁም፣ ሁለታችሁንም ነፃ አልለቅቅም። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ዕዳ እጥላለሁ።

የእህቴ ልጅ፣ አንተ ጀምበሯን ትከል። መሪ ነህና ትችላለህ። «ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ ሁለት እስከ አምስት» በል፤ አምስት ሲሆን ጭራቁ በአንድ ፀጉር ቢቀረው እንኳ ማጭዱን ሰብስብ። የሚያለቅሰው ሕፃን አባቱን ያገኛል፤ በሹክሹክታ የምታወራዋም ትተኛለች። ስትቸገር የኖርኸው ስለ ሃያ አራቱ ከሆነ፣ ለሃያ አራቱም የሚበጀው ይህ ነው። «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው»። እሑድን ደግሞ ለእናትህ ቡና ተው፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም»። ያችን ስም የጻፍህባትንም ወረቀት አትጣላት። የተጻፈው ሁሉ የጨዋታ ስም ነው፤ የእኛ «አርባ ሰባት» ማለት ነው። አምነውህ ለሚነግሩህ ከጎኑ የእናት አባታቸውን ስምና አገራቸውን ጻፍ። ከዚያ ወረቀቷን ለእናትህ ስጣት፤ አንድ ነገር ብትሆን ማንን እንደምትጠራ ትወቅ። የማያምኑህን አትጨቅጭቃቸው፤ ሰው በጊዜው ይናገራል። አንተም ለማታውቀው ሰው ሁሉ አድራሻህን አትዝራ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»።

የወንድሜ ልጅ፣ የአንተ ዕዳ ይከብዳል። መተውህን አልነቅፍም፤ ለአንተ መተው መዳን ነበር፤ ትምህርትህንም ጨርሰሃል። ነገር ግን ያን ሌሊት ስትወጣ ለማንም አልተሰናበትህም። የአክስትህ ልጅ ሚስጥርህን ጠብቆ ዝም አለ። በማግስቱ ግን ከ20 በላይ ሰው ሰብሰብ ብሎ «የት ሄደ?» ማለቱን እሱው ነገረኝ። አንድ ወር ቦታህን አልተኩትም። አንተ 211 ቀን ተበላብኝ ስትል፣ እነሱ ከአንተ ጋር ያሳለፉትን ቀን ማን ቆጠረላቸው? ምናልባት አንዱ ሞቷል ብሎ አልቅሶልህ ይሆናል።

መልሰህ እንድትጫወት አልልህም። አንድ ምሽት ብቻ የአክስትህ ልጅ ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ ሄድሴቱን አጥልቅ። ምን ትላለህ? «እኔ እገሌ ነኝ፤ በሕይወት አለሁ፤ ታምሜ ነበር፤ ሳልሰናበት ወጣሁ፤ ይቅር በሉኝ» በል። ለአባትህ በውሸት ያልኸው «ታምሜያለሁ» ያን ጊዜ እውነት ይሆናል። ከዚያ ዘግተህ ውጣ። እኔ ይህን ዕድል ብዙ ዓመት ፈልጌዋለሁ፤ አላገኘሁትም። «አርባ ሰባት»ን ልሰናበት የምገባበት ሰርቨር የለም።

ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ነው። ሁለታችሁም በአንድ ክፍል እንድትገኙ ፍርዴ ነው። በሚቀጥለው እሑድ አቦል ሳይወርድ ወረቀቷን ይዛችሁ ኑ። መነጽሬን ይዤ እጠብቃችኋለሁ፤ አንድ በአንድ ስማቸውን አንብቡልኝ።